እውነት ወይስ ተረት? የሴንት አይቭስ ጥበበኞችና ባሕራቸው

ስለ ሴንት አይቭስ የሚጻፈው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከብርሃኗ ይጀምራል። ከተማዋ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ኮርንዎል በሚባለው አውራጃ፣ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ዘልቆ በገባ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ነዋሪዋ አሥራ አንድ ሺህ ያህል ነው። ከዚህች የዓሣ አጥማጆች ወደብ የወጡ ሥዕሎች፣ ቅርጻ ቅርጾችና የሸክላ ሥራዎች ዛሬ በታላላቅ ሙዚየሞች ተቀምጠዋል። ይህ እንዴት ሆነ ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ተመሳሳይ ነው፤ ባሕሩ ያማረ፣ ብርሃኑ የተለየ ነበር፤ ጥበበኞቹ መጡ፣ አዩ፣ ሠሩ።

መልሱ ተፈጥሮን ስለሚያከብር ደስ ይላል። የሰውን ልፋትና ዕውቀት፣ የቤት ኪራዩን፣ የእንጨቱንና የአፈሩን ዋጋ ግን ከታሪኩ ያስወጣል። «ተፈጥሮ አነሣሣችው» ተብሎ በተዘጋ ታሪክ ውስጥ ሠራተኛው አይታይም፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይህ ነው። ስለዚህ በዚህች ከተማ ላይ ተደጋግመው የሚነገሩ አባባሎችን እያነሣሁ ከታወቀው ታሪክ ጋር አስተያያቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተረት፦ ሠዓሊዎቹን የጠራቸው ብርሃኑ ነው

ብርሃኑ ውሸት አይደለም። ከተማዋን ባሕር በሦስት አቅጣጫ ይከባታል፣ አሸዋዋም ነጣ ያለ ነው። ፀሐይዋ ከውኃውም ከአሸዋውም ላይ ስለምትንጸባረቅ ጥላው ይሳሳል፣ ቀለሙ ይጠራል። ይህ ብርሃን ግን ከጥንት ጀምሮ እዚያው ነበር። ስመ ጥሩው እንግሊዛዊ ሠዓሊ ተርነር በ1811 በዚያ አልፏል፤ ንድፉን ነድፎ መንገዱን ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ለሰባ ዓመት ያህል በሴንት አይቭስ የሠዓሊዎች መንደር የሚባል ነገር አልተፈጠረም።

የተለወጠው ሌላ ነው። በ1877 የባቡር ሐዲድ ከተማዋ ድረስ ተዘረጋ። በዚያው ዘመን የከተማዋ ዋና መተዳደሪያ የነበረው የሰርዲን ዓሣ እየሳሳ መጣ። ይህ ዓሣ እንዴት ይዘጋጅ እንደነበር ማወቅ ይጠቅማል፤ የሥዕሉ ታሪክ የቆመው በእሱ ላይ ነውና። መረቡ ወደብ ሲደርስ ሴቶች በምድር ቤቶቹ ውስጥ ዓሣውን በጨው እያነባበሩ ይደረድሩታል። ጨው ጠጥቶ ሲበቃ በርሜል ውስጥ ይገባል፤ ከላይ ከባድ ድንጋይ ይጫንበታል፤ የተጨመቀው ዘይት በወለሉ ላይ በተቆፈረ ቦይ ይወርዳል። በርሜሉም ለጾም ወራት ወደ ጣሊያን ይላካል። ከምድር ቤቱ በላይ ደግሞ ሸራ የሚሰፋበትና መረብ የሚጠገንበት ሰፊ ሰገነት አለ።

ዓሣው ሲጠፋ ሰገነቱ ባዶውን ቀረ። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ ሰፊ፣ ኪራዩ ርካሽ ነበር። በ1880ዎቹ የመጡት ሠዓሊዎች ያገኙት ይህንን ነው። ከእነሱ ብዙዎቹ ቀድሞ በፈረንሳይ ብሪታኒ የባሕር ዳርቻ መንደሮች ዓሣ አጥማጆችን ሲሥሉ የቆዩ ስለነበሩ የሚፈልጉትን ያውቁ ነበር። አሜሪካዊው ዊስለር ደቀ መዝሙሩን ሲከርትን አስከትሎ በ1884 መጀመሪያ፣ በብርዱ ወራት መጣ። ስዊድናዊው አንደርስ ዞርን ከውኃ ቀለም ወደ ዘይት ቀለም የተሸጋገረው በ1888 አካባቢ እዚያው ሳለ ነው።

ስለ ብርሃኑ ሲወራ የሚዘለል አንድ ነገርም አለ። ሠዓሊዎቹ ሰገነቶቹን ሲከራዩ በሰሜን በኩል ትልልቅ መስኮት አስከፈቱ። ከምድር ወገብ በራቀ በዚያ አገር ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ በሰሜን መስኮት የሚገባው ብርሃን ቀጥተኛ ጨረር የለበትም፤ ከጧት እስከ ማታ ብዙም አይለዋወጥም። ሠዓሊ ቀለሙን ለመመዘን የሚፈልገው እንዲህ ያለውን የረጋ ብርሃን ነው። ስለዚህ ዝነኛው የሴንት አይቭስ ፀሐይ ስቱዲዮ ውስጥ እንዳይገባ ታስቦበት ተሠርቷል።

ፖርትሚየር ስቱዲዮስ የተባለው ሕንፃ እስከ ዛሬ ለዚህ ምስክር ነው። ከላይ ሠዓሊዎች ይሠራሉ፣ ከታች በአሮጌዎቹ የዓሣ ምድር ቤቶች ውስጥ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ያዘጋጃሉ።

ተረት፦ አልፍሬድ ዋሊስ እንደ ሕፃን የሚሥል የዋህ ሽማግሌ ነበር

ስለ ዋሊስ የሚተረከው ሁሉም ሰው የሚወደው ታሪክ ነው። በነሐሴ 1928 ሁለት ወጣት ሠዓሊዎች፣ ቤን ኒኮልሰንና ክሪስቶፈር ውድ፣ ከፖርትሚየር ባሕር ዳርቻ ሲመለሱ በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ በሩ የተከፈተ ቤት አዩ። በውስጡ አንድ ሽማግሌ፣ በግድግዳው ላይ ሁሉ መርከብና ቤት የተሣለባቸው የካርቶን ቁራጮች። ከዚያ ወዲህ ዋሊስ «የተገኘ» ሰው ሆነ፤ ትምህርት ያልነካው፣ ሕግ የማያውቅ፣ ባሕር በቀጥታ ያናገረችው የዋህ።

ከዚህ ውስጥ የበሩ ነገር እውነት ነው። ካርቶኖቹ በትልልቅ ምስማር ተቸንክረው እንደነበርም ኒኮልሰን ራሱ ተናግሯል፤ ትንሿ ሥዕል ላይ ሳይቀር ትልቅ ምስማር ነበር። የተቀረው ግን ሊታረም ይገባዋል።

ዋሊስ በ1855 ዴቨንፖርት ተወለደ። በወጣትነቱ በሸራ መርከብ አትላንቲክን ተሻግሮ እስከ ኒውፋውንድላንድ ተጉዟል። በ1890 ሴንት አይቭስ መጥቶ የመርከብ ዕቃ ነጋዴ ሆነ፤ አሮጌ ብረት፣ ገመድ፣ ሸራ ይገዛል፣ ይሸጣል። መርከብን በዓይን ብቻ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እያንዳንዱ ገመድ ምን እንደሚስብ፣ የትኛው ሸራ በምን ነፋስ እንደሚወርድ በእጁ ያውቀዋል። ባለቤቱ ሱዛን በ1922 ከሞተች በኋላ በሰባ ዓመቱ አካባቢ ብቸኝነቱን ለማስታገስ መሣል ጀመረ። ኒኮልሰንና ውድ ደጁ ሲደርሱ ለሁለት ለሦስት ዓመት ሲሥል ቆይቷል።

ሥዕሎቹን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ሕፃንነትን አያገኝም። ባለ ሁለት ምሰሶው መርከብ ከባለ ሦስት ምሰሶው በግልጽ ይለያል፤ ሸራዎቹ በየቦታቸው ናቸው፤ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ከሸራው መወጠር ይታወቃል። የተሳሳተ የሚመስለው መጠኑ ነው። ዓሣው ከጀልባው ይበልጣል፣ የመብራት ማማው ከተራራው ይረዝማል፣ ቤቶቹ አንዳንዶቹ ቀጥ ብለው፣ አንዳንዶቹ ወደ ጎን ተኝተው ይታያሉ። ይህ ግን በማዕበል ውስጥ ወደብ ለሚፈልግ መርከበኛ ትክክለኛው መጠን ነው። ለእሱ ከተራራው ይልቅ መብራቱ ይበልጣል። ወደቡንም ከአንድ ቦታ ቆሞ ሳይሆን እየዞረ እንደሚገባ ሰው ያየዋል።

ቀለሙም እንዲሁ የሙያው ነው። ለሠዓሊ የተዘጋጀ ቀለም ሳይሆን ጀልባ የሚቀባበትን ይጠቀም ነበር፤ ጥቁር፣ ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ ግራጫ። ካርቶኑ ጠርዙ የተቆረጠ ወይም የተንጋደደ ከሆነ አያስተካክለውም፤ የካርቶኑ መንጋደድ ራሱ የመርከቡን ዘመም ማለት እንዲያሳይ አድርጎ ይሥልበታል። ብዙ ቦታ ካርቶኑን ሳይቀባ ይተወዋል፤ ያ ያልተቀባ ቡናማ ቦታ አሸዋ ወይም ሰማይ ይሆናል። ይህ የሚያውቅ ሰው ምርጫ ነው።

ሌላም አለ። ዋሊስ ባሕሩን እያየ አልነበረም የሚሥለው። ሥራዎቹን በጥቂት ሽልንግ በፖስታ ይገዛ ለነበረው ለጂም ኢድ በጻፈው ደብዳቤ፣ የሚሥለው በአብዛኛው ድሮ የነበረውንና በትውስታው የቀረውን መሆኑን አስረድቷል። የሸራ መርከቦቹ ጠፍተው በእንፋሎት መርከብ ተተክተዋል፣ ሰርዲኑም ሄዷል። ስለዚህ በእነዚያ ካርቶኖች ላይ ያለው የአንድ ሙያ መዝገብ ነው፤ መዝጋቢውም በሙያው ውስጥ የኖረ ሰው ነው። ተፈጥሮ አነሣሣችው ብሎ ማለፍ ይህንን ሁሉ መሰረዝ ይሆናል።

ኢድ የገዛቸው ከመቶ በላይ ሥራዎች ዛሬ በኬምብሪጅ፣ ኬትልስ ያርድ በተባለው ቤት ይታያሉ። ዋሊስ ግን በነሐሴ 1942 የሞተው ማድረን በሚገኝ የድሆች መጠለያ ውስጥ ነው። አድናቂዎቹ ደርሰው በስም አልባ የድሃ መቃብር ከመቀበር አዳኑት። መቃብሩን ሸክላ ሠሪው በርናርድ ሊች በሠራቸው የሸክላ ንጣፎች አለበሰው፤ በላዩም ትንሽ ሰው በግዙፍ የመብራት ማማ ሥር ባለው በር ሲገባ ይታያል። መቃብሩ ያምራል። በሕይወቱ ሳለ ግን «ካገኙት» ሰዎች ዝና ለእሱ የተረፈው ጥቂት ነው፤ ይህንንም ሳልናገር አላልፍም።

ተረት፦ የባርባራ ሄፕወርዝ ቀዳዳ ከኮርንዎል ድንጋዮች የመጣ ነው

ባርባራ ሄፕወርዝ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ታላቅ ቀራጺ ናት። ከሥራዋ ሁሉ የሚታወቀው በድንጋዩ ወይም በእንጨቱ መካከል የሚያልፈው ቀዳዳ ነው። በሴንት አይቭስ አካባቢ ደግሞ ማዕበል የፈለፈላቸው ዓለቶች አሉ፣ በጥንት ዘመን የቆመ መካከሉ የተበሳ ክብ ድንጋይም አለ። ጎብኚ ሁለቱን አይቶ ያገናኛል። አስጎብኚም ያግዘዋል።

ዓመቶቹ ግን አይገጥሙም። ሄፕወርዝ የመጀመሪያውን ባለ ቀዳዳ ሥራዋን በአልባስጥሮስ ድንጋይ የቀረጸችው በ1932 አካባቢ ለንደን ውስጥ ነው። ሥራው በኋላ በጦርነቱ ጠፍቷል። ኮርንዎል የገባችው በነሐሴ 1939፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት፣ ከባሏ ከኒኮልሰንና በአንድ ቀን ከወለደቻቸው ሦስት ሕፃናት ጋር ነው። የመጣችው መልክዓ ምድሩን ፈልጋ አይደለም፤ ከቦምብ ሸሽታ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለመቅረጽ ቦታም ድንጋይም አልነበራትም። ቀን ልጆች ትጠብቃለች፣ አትክልት ትተክላለች፤ ሌሊት ትነድፋለች።

መልክዓ ምድርን እንደ ቅርጽ ማየትም በኮርንዎል የጀመረ አይደለም። ተወልዳ ያደገችው በሰሜን እንግሊዝ፣ ዮርክሺር ውስጥ ነው። አባቷ የመንገድና የድልድይ ቀያሽ ስለነበር በመኪና ይዟት ይዞር ነበር። መንገዱ በኮረብታው ላይ ሲጠማዘዝ ኮረብታው ራሱ እንደ ቅርጽ ይሰማት እንደነበር በኋላ ራሷ ተናግራለች። ስለ ሥራዋ ምንጭ የሚጽፍ ሰው ዮርክሺርን ቢረሳ ግማሹን ረስቷል።

እንግዲህ ባሕሩ ምንም አላበረከተም ማለት ነው? በፍጹም። በ1946 የሠራችው «ፔላጎስ»፣ ትርጉሙ በግሪክኛ ባሕር የሆነው፣ ከቤቷ መስኮት ከሚታየው የሴንት አይቭስ ሰላጤ በቀጥታ የተወለደ ነው። የሠራችው ከኤልም እንጨት ነው፤ የማዕበል ጥቅልል የመሰለ፣ ውስጡ ፈዘዝ ባለ ሰማያዊ ተቀብቶ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ክሮች የተወጠሩበት። ክሮቹ በእሷና በባሕሩ፣ በነፋሱና በኮረብታው መካከል የሚሰማትን ውጥረት እንደሚያመለክቱ አስረድታለች። በገና ያየ ሰው ክር ሲወጠር እንጨቱ ምን ዓይነት ኃይል እንደሚሸከም ያውቃል። ያም ሆኖ ክር መወጠርን ባሕር አላስተማራትም። በዚያ ዘመን ሌሎች ቀራጺዎችም ይሞክሩት ነበር፤ ጎረቤቷ ሩሲያ ተወላጁ ናኦም ጋቦ፣ በወጣትነቱ ምህንድስና የተማረው፣ በጦርነቱ ዓመታት እዚያው አጠገቧ ሆኖ ግልጽ ፕላስቲክና ናይለን ክር ይጠቀም ነበር።

እንጨቱ ላይ ደግሞ ጥቂት ልቁም፤ ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀው ይሄ ነውና። በ1950ዎቹ የሠራቻቸው ታላላቅ የእንጨት ቅርጾች፣ «ኮሪንቶስ»ና «ዴልፊ» የተባሉትን ጨምሮ፣ ከኮርንዎል ዛፍ የተገኙ አይደሉም። ጓሪያ የሚባል ጠንካራና መዓዛ ያለው የናይጄሪያ እንጨት ነው። ወደ 17 ቶን የሚጠጋ ግንድ በመርከብ ተጭኖ ደረሰላት። ስሞቹ ደግሞ በ1954 ከጎበኘቻት ከግሪክ የመጡ ናቸው። ናይጄሪያ የበቀለ ዛፍ፣ የግሪክ ስም፣ ዮርክሺር ያደገች ሴት፣ የኮርንዎል ጓሮ። «በአካባቢዋ ተፈጥሮ ተነሣሥታ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ይህንን ሁሉ ሊሸከም አይችልም።

በዚያ ላይ በ1940ዎቹ መጨረሻ ያተኮረችበት ርዕስ ባሕር አልነበረም፤ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነበር። ሴት ልጇ ታማ ሳለች ከተዋወቀችው ሐኪም ጋር ገብታ ሐኪሞችና ነርሶች ሲሠሩ ነደፈች። በእነዚያ ንድፎች ውስጥ ጎልተው የሚታዩት ከጭንብሉ በላይ ያሉት ዓይኖችና እጆቹ ናቸው፤ በአንድ ሥራ ላይ ተስማምተው የሚንቀሳቀሱ እጆች። በራሷ ግቢ ውስጥም እንዲሁ ነበር። በ1949 የገዛችው ትሬዊን ስቱዲዮ ረዳቶች ይሠሩበት ነበር። ከእነሱ አንዱ ዴኒስ ሚቸል በጦርነቱ ጊዜ የቆርቆሮ ማዕድን ቆፋሪ የነበረ ሰው ነው፤ አሥር ዓመት ከእሷ ጋር ሠርቷል፣ እሱም በራሱ ስም ቀራጺ ሆኗል። በኒው ዮርክ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ፊት ለፊት የቆመው፣ ለድርጅቱ የቀድሞ ዋና ጸሐፊ ለዳግ ሐመርሾልድ መታሰቢያ በ1964 የተመረቀው ስድስት ሜትር ተኩል የሚጠጋ የነሐስ ሥራዋም ያለ ብዙ ሰው ጉልበት የሚቆም አይደለም።

ተረት፦ የሊች ሸክላ ከሴንት አይቭስ አፈር የበቀለ ነው

በርናርድ ሊች በ1920 ከጃፓናዊው ሾጂ ሃማዳ ጋር ሴንት አይቭስ ሲገባ የመጣው የአካባቢውን የእጅ ሙያ ለማስፋፋት በተቋቋመ ማኅበር ጥሪና ገንዘብ ነው። ቦታው ለሸክላ ሠሪ የተመቸ ነበር ማለት አይቻልም። የጃፓን ዓይነቱ ወደ ላይ ደረጃ በደረጃ የሚወጣ የመተኮሻ ምድጃ ብዙ ማገዶ ይበላል፤ የኮርንዎል ጫፍ ደግሞ ነፋስ የበዛበት፣ ዛፍ ያነሰበት ነው። አፈሩም በቂ ስላልነበር በኋላ የሚጠቀሙበት ጭቃ ከሌሎች ቦታዎች፣ ከዶርሴት ጭምር ተገዝቶ የሚቀላቀል ሆነ። ሃማዳ በኪዮቶ የምርምር ተቋም ስለ ሸክላ ቅብ ኬሚስትሪ ያጠና ሰው ነበርና የአካባቢውን ዓለትና የፈርን አመድ ሞክሯል። ያ ሙከራ የኬሚስት ሥራ ነው።

የመጀመሪያው ምድጃ በደንብ አልሠራም። ከኪዮቶ የመጣው ማትሱባያሺ፣ ከሸክላ ሠሪ ቤተሰብ የተወለደና የምድጃ አሠራር ሊቅ፣ በ1923 ባለ ሦስት ክፍል አድርጎ እንደገና ሠራው፤ እስከ 1970ዎቹም አገለገለ። ይህም ሆኖ በየመተኮሱ የሚበላሸው ብዙ፣ ገቢው ትንሽ ነበር። ቤቱን በእግሩ ያቆመው የበርናርድ ልጅ ዴቪድ ሊች ነው። በአባቱ ፈቃድ ሳይሆን ስቶክ ኦን ትሬንት ሄዶ፣ በፋብሪካ ሸክላ ከተማ፣ የሙያ ትምህርት ተማረ። ሲመለስ ምድጃውን ከእንጨት ወደ ነዳጅ ዘይት ለወጠ፣ የጭቃውን ቅልቅል አስተካከለ። ከ1940ዎቹ ጀምሮ በካታሎግ የሚሸጡት ሳህኖች፣ ማሰሮዎችና ኩባያዎች የወጡት ከዚህ ሥርዓት ነው። በ1938 በልጅነቱ የተቀጠረው የአካባቢው ተወላጅ ዊልያም ማርሻል በሸክላ መሽከርከሪያው ላይ ሲሠራ ዕድሜውን አሳልፏል፤ ሊች ከነደፋቸው ትልልቅ ሥራዎችም ብዙዎቹን ከጭቃ ያነሣቸው የእሱ እጅ ነው።

ከዚህ ቤት የወጣ አንድ መስመር አፍሪካ ደርሷል። በ1923 ሊች ዘንድ የተማረው ማይክል ካርዲው በጋና ከሠራ በኋላ በናይጄሪያ አቡጃ፣ ዛሬ ሱሌጃ በምትባለው ከተማ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የሸክላ ማሠልጠኛ አቋቋመ። በ1954 ወደ ማሠልጠኛው የገባችው ላዲ ክዋሊ ግን ባዶ እጇን አልመጣችም። ከልጅነቷ ጀምሮ ያለ መሽከርከሪያ፣ ዙሪያውን እየተራመደች ጭቃ በማንሣት የውኃ እንስራ የምትሠራ፣ እንሽላሊትና አዞ በቅርጹ ላይ የምትቀርጽ በአገሯ የታወቀች ባለሙያ ነበረች። ካርዲው አስተማራት የሚለው ትረካ እውነቱን ይገለብጠዋል። ከእሱ ያገኘችው በከፍተኛ ሙቀት መተኮስንና ቅብን ነው፤ ቅርጹና ጌጡ የራሷ ነው። ምስሏ ዛሬ በናይጄሪያ የሃያ ናይራ ኖት ጀርባ ላይ አለ።

ተረት፦ መልክዓ ምድር መሣል ማለት ቆሞ ያዩትን መቅዳት ነው

ፒተር ላንየን በ1918 ሴንት አይቭስ ውስጥ የተወለደ፣ ከታላላቆቹ መካከል ከጥቂቶቹ የአገር ልጆች አንዱ ነው። ሥዕሎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ባሕርም ተራራም አያገኝባቸው ይሆናል። ላንየን መልክዓ ምድርን ከፊት ለፊት አያየውም፤ ይወጣበታል፣ ይወርድበታል፣ ይዞረዋል፣ ከዚያ ሁሉንም በአንድ ሸራ ላይ ያመጣዋል። በ1959 ሞተር በሌለው አውሮፕላን መብረር መማር ጀመረ። ሞቃት አየር ከገደሉ ላይ ሲነሣ ክንፉን እንዴት እንደሚያነሣ በሰውነቱ ተሰምቶት ነው በ1960 «ተርማል» የተባለውን ሥዕል የሣለው። በነሐሴ 1964 አውሮፕላኑ ወድቆ ቆሰለ፣ ከቀናት በኋላም ሞተ። አርባ ስድስት ዓመቱ ነበር።

ከበረራው ይልቅ እኔ የምመለስበት ግን በ1953 የጨረሰው «ሴንት ጀስት» ነው። ሴንት ጀስት የማዕድን ቆፋሪዎች ከተማ ናት። በአቅራቢያዋ ባለው የሌቫንት ማዕድን፣ በጥቅምት 1919፣ ሠራተኞችን ከጉድጓዱ የሚያወጣው ማሽን ተሰብሮ 31 ሰዎች ሞተዋል። በሥዕሉ መካከል ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ጥቁር መስመር አለ፤ የጉድጓዱ አፍ ነው፣ መስቀልም ይመስላል። ዙሪያው አረንጓዴ ማሳ ነው። ጎብኚ «ያማረ የኮርንዎል ገጠር» የሚለውን አገር ላንየን ሲያየው በሣሩ ሥር የሞቱትን ሰዎች ጨምሮ ነው። ለእሱ ተፈጥሮና የሰው ሥራ ተለያይተው አያውቁም።

መልክዓ ምድሩ ራሱም ሁልጊዜ የኮርንዎል አልነበረም፤ ከሴንት አይቭስ ሠዓሊዎች መካከል ተፈጥሮን በጥልቀት ያጠናችው ዊልሄልሚና ባርንዝ ግራሃም ዝነኛ ሥራዎቿን ያገኘችው ከባሕር አይደለም፤ በ1949 በስዊዘርላንድ ግሪንደልቫልድ በወጣችበት የበረዶ ግግር ላይ ነው።

ተረት፦ ሠዓሊና ባለእጅ በሴንት አይቭስ እኩል ነበሩ

በ1949 የተቋቋመው የፔንዊዝ ማኅበር ሠዓሊውንም ሸክላ ሠሪውንም አቀፈ፤ ይህ እውነት ነው። ብዙ ሳይቆይ ግን አባላቱን በሦስት መደብ ከፈላቸው፤ ሀ ነባሩን መንገድ ለሚከተሉ ሠዓሊዎች፣ ለ ለዘመናዊዎቹ፣ ሐ ለዕደ ጥበብ ባለሙያዎች። ላንየን ተቃውሞ ከማኅበሩ ወጣ። የሄፕወርዝና የኒኮልሰን ወገን ጸና። ሊች ዕድሜውን ሙሉ ማሰሮ ከሥዕል አያንስም እያለ ሲከራከር ኖሮ በራሱ ማኅበር መጨረሻው ፊደል ላይ ተመዘገበ።

ተረት፦ ጥበቡ ከተማዋን አዳናት

ዓሣው ከሄደ በኋላ ከተማዋ ሌላ እንጀራ ያገኘችው በሥነ ጥበብና በጎብኚ መሆኑ አይካድም። ታላቁ የብሪታንያ ሙዚየም ቴት በ1993 በፖርትሚየር ባሕር ዳርቻ፣ የቀድሞው የጋዝ ማምረቻ በነበረበት ቦታ ላይ ቅርንጫፉን ከፈተ። በ2017 አሰፋው፣ በ2018 የዓመቱ ሙዚየም ተብሎ ተሸለመ። የሄፕወርዝ ስቱዲዮም በ1975 በእሳት አደጋ ከሞተች በኋላ ሙዚየም ሆኗል። ሥራ ተፈጥሯል፣ ሱቅ ተከፍቷል።

ሠዓሊዎቹን ያመጣው ርካሽ ኪራይ ግን ዛሬ የለም። የዓሣ አጥማጅ ቤቶችን የሚገዛው በዓመት ጥቂት ሳምንት የሚያርፍበት የሌላ ከተማ ሰው ነው። በወደቡ ዙሪያ ባሉት ጠባብ መንገዶች ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ጨለማ የሆኑ መስኮቶች ይበዛሉ። በግንቦት 2016 ነዋሪው ሕዝበ ውሳኔ አደረገ፤ ድምፅ ከሰጡት ከ80 በመቶ በላይ የሆኑት አዲስ ቤት ዓመቱን ሙሉ ለሚኖርበት ሰው ብቻ እንዲሸጥ ወሰኑ። በብሪታንያ ብዙ ያነጋገረ ውሳኔ ነበር። እኔ ትክክል ነው እላለሁ፤ መረብ የሚጠግን፣ ጭቃ የሚያቦካ፣ ድንጋይ የሚፈለፍል ሰው በሚሠራበት ከተማ ማደሪያ ማግኘት አለበት።

በቂ መሆኑን ግን እጠራጠራለሁ። ፖርትሚየር ስቱዲዮስ ዛሬም የሚሠራው በባለአደራ ድርጅት እጅ ስለሆነና ገበያው ስለማይነካው ነው፤ እንዲህ ያለ ጥበቃ የሌላቸው ሌሎች አሮጌ ሰገነቶች የዕረፍት ቤት ሆነዋል። የ2016ቱ ደንብ የሚመለከተው አዲስ የሚገነቡ ቤቶችን ብቻ ነው። ዋሊስ የኖረበትን መንገድ ጨምሮ በወደቡ ዙሪያ የቆሙት አሮጌዎቹ የዓሣ አጥማጅ ቤቶች አሁንም ከፍተኛ ዋጋ ለሰጠ ይሸጣሉ።